በመብራት መስመር የሚጓዘው ኢንተርኔት ለምን ይንቀረፈፋል?

በቤታችን አንድ ክስ ተነሥቶ ነበር። ተከሳሾቹ ሦስት ናቸው፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ እንዲሁም ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣልን ሁለት ትንንሽ አዳፕተሮች። ከሳሹ በግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት የሚኖረው የእኅታችን ልጅ ነው። ለነፃ የትምህርት ዕድል በቪዲዮ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ተቀጥሮለታል፤ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ የቀረው ጊዜ አሥር ቀን። ቀን ላይ ደኅና የሚሠራው ኢንተርኔት ግን በየዕለቱ ሲመሽ ይንቀረፈፋል፤ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

ሁላችንም የየራሳችንን ጥፋተኛ መርጠን ነበር። ልጁ «አጎቴ፣ መስመሩ ራሱ ነው፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ እንግዛ» ይላል። እናታችን «ማታ ማታ ምጣዱ ስለሚጣድ ነው፤ መብራቱን እሱ እየሳበው ነው» ይላሉ። እኛም በበኩላችን አዳፕተሮቹ አርጅተዋል ብለን ደምድመናል። ሦስታችንም አንዳች ነገር ሳንለካ ፈርደን ነበር ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ምርመራውን እንዴት እንዳካሄድን፣ ከምርመራውም ምን እንደተማርን ለአንባብያን እናካፍላለን።

አንድ ገመድ፣ ሁለት ሸክም

ሞደሙ የሚገኘው የስልክ መስመሩ በሚገባበት በዋናው ቤት ሳሎን ነው። በሳሎኑና በሰርቪስ ቤቱ መካከል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ሰፊ ግቢ አለ፤ ሰርቪስ ቤቱ ራሱ በከፊል ቆርቆሮ ስለሆነ የዋይፋዩ ሞገድ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ግቢውን ቆፍሮ አዲስ ገመድ መቅበር ደግሞ ወጪ አለው። ስለዚህ አስቀድሞ የተዘረጋውን የመብራት ገመድ ለመጠቀም ወሰንን። አንዱ አዳፕተር በሞደሙ አጠገብ፣ ሌላው በልጁ ክፍል ሶኬት ላይ ይሰካል፤ መረጃው በመካከላቸው ባለው የመብራት መስመር ይመላለሳል።

ለመሆኑ አንድ ገመድ መብራትንም መረጃንም እንዴት ሊሸከም ይችላል? በቤታችን የሚያልፈው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ነው። አዳፕተሩ በዚህ ላይ እጅግ ደካማ፣ ነገር ግን ድግግሞሹ በሚሊዮን የሚቆጠር ሌላ ምልክት ይጨምርበታል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆምፕለግ ኤቪ የተባለው ደንብ ከ2 እስከ 28 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ይጠቀማል። በአንድ አዳራሽ ከበሮና ዋሽንት አብረው ሲሰሙ ጆሯችን ሁለቱን እንደማያምታታ ሁሉ፣ ተቀባዩ አዳፕተርም የ50 ኸርዙን ከባድ ምት አጣርቶ ያስቀርና ቀጭኑን ምልክት ያዳምጣል።

ይህ የድግግሞሽ ክልል ጎን ለጎን በተደረደሩ ከ900 በላይ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ተከፋፍሏል። ሁለቱ አዳፕተሮች እያንዳንዱን መተላለፊያ በየጊዜው ይፈትሻሉ። ንጹሕ በሆነው ላይ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ቢት ይጭናሉ፤ በተረበሸው ላይ 1 ወይም 2 ቢት ብቻ ይልካሉ፤ ጨርሶ የማይሆነውን ይተዉታል። መስመሩ ሲበላሽ ግንኙነቱ ወዲያው ከመቋረጥ ይልቅ የሚንቀረፈፈው በዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ በካርቶኑ ላይ ስለሚታተመው ቁጥር አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «200» ወይም «500» ሜጋቢት በሴኮንድ ተብሎ የሚጻፈው በአመቺ ሁኔታ በገመዱ ላይ የሚያልፈው ጥሬ ፍጥነት ነው። ከዚህ ውስጥ የስሕተት ማረሚያና የመቆጣጠሪያ መልእክቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከዚህም በላይ አዳፕተሮቹ የሚነጋገሩት በየተራ ስለሆነ መላኪያውና መቀበያው ያንኑ ፍጥነት ይካፈላሉ። «500» የተባሉት ብዙዎቹ አዳፕተሮች የኮምፒዩተር ገመድ መሰኪያቸው ከ100 ሜጋቢት በላይ የማያሳልፍ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የሻነን ሚዛን

ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጥናት አንድ የመገናኛ መስመር ሊያሳልፍ የሚችለው የመረጃ መጠን ወሰን እንዳለው አረጋገጠ። ወሰኑ የሚመዘነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በድግግሞሹ ክልል ስፋትና የምልክቱ ኃይል ከረብሻው ኃይል ጋር ባለው ንጽጽር። ቀመሩ በቃላት ሲነገር እንዲህ ነው፤ ምልክቱን ለረብሻው አካፍል፤ 1 ጨምርበት፤ የውጤቱን ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ውሰድ፤ ከዚያም በክልሉ ስፋት አባዛው።

እስቲ በእኛ መስመር እናስላው። ከ2 እስከ 28 ያለው ስፋት 26 ሜጋኸርዝ ነው። ምልክቱ ከረብሻው 1000 ጊዜ ቢበልጥ ወሰኑ ወደ 259 ሜጋቢት በሴኮንድ ይሆናል። ብልጫው ወደ 10 ጊዜ ዝቅ ቢል 90 ብቻ ይቀራል። ምልክትና ረብሻ እኩል ሲሆኑ ደግሞ 26 ነው። አዳፕተሩም፣ ገመዱም፣ ፓኬጁም ሳይለወጡ ረብሻው ብቻ በመጨመሩ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። እንግዲህ ጥያቄያችን «ፍጥነት ከየት እንግዛ?» መሆኑ ቀርቶ «ረብሻው ከየት መጣ? ምልክቱንስ ማን ያዳክመዋል?» የሚል ሆነ።

ምርመራው

ምርመራውን ስንጀምር ሦስት ደንቦች አወጣን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፤ እያንዳንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ እንደግማለን፤ የምንለካውም ችግሩ በሚታይበት በምሽቱ ሰዓት ነው።

1ኛ. አገልግሎት ሰጪውን መመርመር። ኮምፒዩተሩን ወደ ሳሎን አምጥተን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር በገመድ አገናኘነው። ፓኬጃችን 10 ሜጋቢት በሴኮንድ ሲሆን ያገኘነው ከ9 በላይ ነው። በሰርቪስ ቤቱ በዚያው ሰዓት የሚገኘው ግን ከ1 በታች ነበር። የመጀመሪያው ተከሳሽ በነፃ ተለቀቀ። ከፍ ያለ ፓኬጅ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ገንዘባችን ሳሎን ውስጥ ይቀር ነበር።

2ኛ. አዳፕተሮቹን መመርመር። ሁለቱንም በሳሎኑ ውስጥ በተለያዩ የግድግዳ ሶኬቶች ላይ ሰክተን፣ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው 100 ሜጋባይት የሆነ ፋይል አሻገርን። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ ይህ ፋይል በ10 ሜጋቢት ፍጥነት 80 ሴኮንድ ይፈጃል። በሳሎናችን የፈጀው ከ20 ሴኮንድ ያነሰ ነበር። ይህ ዘዴ ኢንተርኔቱን ጨርሶ ከሒሳቡ ስለሚያወጣ መስመሩን ብቻውን ያስመዝናል። አዳፕተሮቹም ደኅና መሆናቸው ታወቀ።

3ኛ. ምጣዱን መመርመር። አዳፕተሮቹን ወደ ቦታቸው መልሰን ምጣዱ ተጥዶ እያለና ከጠፋ በኋላ ለካን። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እናታችን «ያለ ኃጢአቱ ነው እንዴ የከሰስነው!» ብለው ሳቁ።

4ኛ. መሰኪያውን መመርመር። የሳሎኑ አዳፕተር የተሰካው ቴሌቪዥኑንና ሞደሙን ከቮልቴጅ መዋዠቅ በሚከላከል ማከፋፈያ፣ በተለምዶ ዲቫይደር በምንለው ላይ ነበር። ነቅለን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካነው። የሰርቪስ ቤቱ ፍጥነት ከ1 በታች ከነበረበት ወደ 4 ገደማ ወጣ።

5ኛ. በየተራ መንቀል። በሰርቪስ ቤቱ የተሰኩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየነቀልን ለካን። የጠረጴዛ አምፖሉ፣ የላፕቶፑ ቻርጀር፣ ራዲዮኑ፣ ለውጥ የለም። መብራት ሲጠፋ ለጥናት የምትበራውን ትንሿን የመጠባበቂያ መብራት ቻርጀር ስንነቅል ግን ፍጥነቱ ወደ 9 ዘለለ። መልሰን ስንሰካት ወረደ፤ ስንነቅላት ወጣ። ልጁ በየምሽቱ ወደ ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው እርስዋን ቻርጅ ላይ መሰካት ነበር።

ትንሹ ጥፋተኛ

ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበው ምጣድ ንጹሕ ሆኖ፣ 5 ዋት ያህል የምትስበው ቻርጀር ጥፋተኛ የሆነችው ለምንድን ነው? ኃይል መሳብና ረብሻ መፍጠር የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። ምጣዱ በመሠረቱ የጋለ ሽቦ ነው፤ 50 ኸርዙን ኤሌክትሪክ ሳይቆራርጥ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የዘመኑ ቻርጀር ግን ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በአሥር ሺሕዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያበራዋል ያጠፋዋል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ቁርጥራጭ ፍሰት የራሱን ድግግሞሽ ብዜቶች እየወለደ እስከ ሜጋኸርዝ ክልል ይዘልቃል። በጥንቃቄ የተሠራ ቻርጀር ይህን የሚያግድ ማጣሪያ አለው፤ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ማጣሪያው የተተወበት ግን ረብሻውን ወደ ግድግዳው ገመድ ይለቀዋል።

የዲቫይደሩ ጥፋት ደግሞ የተለየ ነው። ዲቫይደሩ ረብሻ አይፈጥርም፤ ምልክቱን ይውጠዋል። በብዙ ባለመከላከያ ማከፋፈያዎች ውስጥ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የሚገናኝ ካፓሲተር አለ። መጠኑ 0.1 ማይክሮፋራድ ነው ብንል፣ ለ50 ኸርዙ ኤሌክትሪክ ወደ 32,000 ኦም የሚደርስ እንቅፋት ስለሚሆን መብራቱን አይነካውም። በ10 ሜጋኸርዝ ግን በስሌት እንቅፋቱ ወደ 0.16 ኦም ይወርዳል። ለመብራቱ የተዘጋ በር የሆነው ዕቃ ለመረጃው ምልክት አቋራጭ መንገድ ይሆንበታል፤ ምልክቱም ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ በዚያው ይባክናል።

ባዶ ማራዘሚያም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ምልክቱ በገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ሜትር ያህል ይጓዛል እንበል። የ10 ሜጋኸርዝ የሞገድ ርዝመት እንግዲህ 20 ሜትር፣ ሩቡ 5 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ምንም ያልተሰካበት የ5 ሜትር ማራዘሚያ ሞገዱን ከጫፉ አንፀባርቆ ይመልሰዋል፤ ተመላሹም በመነሻው ላይ ከመጪው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ስለሚገናኝ በ10 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት መተላለፊያዎች ይዘጋሉ። ስለዚህ የማያስፈልግ ማራዘሚያ ካለ መንቀል ነው።

አሮጌው ራዲዮ እንደ መመርመሪያ

አንባብያን ውድ መሣሪያ ሳይገዙ ረብሻን የሚያድኑበት አንድ ዘዴ አለ። ከ2 እስከ 28 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል የአጭር ሞገድ ራዲዮ ክልልንም ይጨምራል። በቅድሚያ አዳፕተሮቹን መንቀል ያስፈልጋል፤ እነርሱ ራሳቸው በራዲዮኑ ላይ ይሰማሉና። ከዚያም በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ራዲዮ በአጭር ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ አስተካክሎ ወደ እያንዳንዱ ቻርጀርና አምፖል ማስጠጋት ነው። ረባሹ ዕቃ ዘንድ ሲደርስ ራዲዮኑ በኃይል ያጉረመርማል። የእኛዋ ቻርጀር ራዲዮኑን ከአንድ ክንድ ርቀት አስጮኸችው።

ቤት ሁሉ እንደ እኛ ቤት አይደለም። ባለሦስት ፌዝ መስመር በገባበት ቤት ሁለቱ አዳፕተሮች በተለያዩ ፌዞች ላይ ከዋሉ ምልክቱ በእጅጉ ተዳክሞ ነው የሚሻገረው። ሁለቱ ክፍሎች በተለያዩ ቆጣሪዎች የሚጠቀሙ ከሆነም እንዲሁ። በኮንዶሚንየም ደግሞ ምልክቱ ወደ ጎረቤት ሊያልፍ ይችላል፤ ጎረቤትም ተመሳሳይ አዳፕተር ካለው ሁለቱ አንዱን መስመር ይሻሙበታል። ስለሆነም በአዳፕተሩ ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ ተጭኖ ፋብሪካው የሰጠውን የጋራ የምስጢር ቁልፍ መለወጥ ይገባል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያም አለን። ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ከመሰካትና ከመንቀል አያልፍም። ሶኬት መፍታት፣ የብሬከሩን ሣጥን መክፈት፣ ሽቦ ማገናኘት የባለሙያ ሥራ ነው። ሶኬቱ የሚሞቅ፣ የሚሸት ወይም የእሳት ብልጭታ የሚያሳይ ከሆነ የኢንተርኔቱን ጉዳይ ትቶ መስመሩን አጥፍቶ ኤሌክትሪሺያን መጥራት ይገባል።

የቃለ መጠይቁ ምሽት ደረሰ። የመጠባበቂያዋ መብራት ቀን ላይ ቻርጅ ተደርጋ ተነቅላለች፤ አዳፕተሩ ግድግዳው ላይ ነው፤ በዋናው ቤት ምጣዱ ተጥዷል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለ40 ደቂቃ መስመሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም። ከዚያ ወዲያ ያለው የልጁ ዕውቀትና ዕድል ነው። ለእኛ ግን አንድ ነገር ተርፎናል፤ ለዚህ ውጤት ያወጣነው አንድ ሳንቲም የለም። ሦስት ምሽት፣ አንድ ደብተርና ሳንለካ ላለመፍረድ መወሰን ብቻ በቂ ነበሩ።