የተከራዩት ቤት የኩሽና ካውንተር ሲላጥ

የፎርማይካ ካውንተር እብነ በረድ ቢመስልም እንጨት ቢመስልም፣ ዓይን የሚያየው የታተመ ወረቀት ነው። ከወረቀቱ በላይ ሜላሚን የሚባል ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ሬዚን የጠጡ ቡናማ ወረቀቶች ተደራርበዋል። ሁሉም በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጨፍልቀው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ስስ ገጽ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ፒትስበርግ ውስጥ ሲፈለሰፍ የታሰበው ለኩሽና ሳይሆን ለኤሌክትሪክ መከለያነት ነበር። በሬዚንና በሜላሚን የተሠራ ስለሆነ ገጹ ራሱ ውሃን በደንብ ይቋቋማል። ችግሩ ያለው ገጹ በተለጠፈበት ችፑድ ላይ ነው።

ችፑድ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ውሃ ሲነካው የተጨመቀው ፍቅፋቂ እንደ ድርቆሽ ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። እንግዲህ ጭረቱ ያስከፋን በመልኩ ቢሆንም፣ ገንዘብ የሚያስወጣን በእሱ በኩል የሚገባው ውሃ ነው። በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ለተከራየ ሰው ርካሹ ጥገና ስንጥቁ በታየበት ሰሞን መድፈን ነው። የመታጠቢያው ዳርና የኤሌክትሪክ ምጣዱ እንፋሎት የሚንጠባጠብበት ጠርዝ ቶሎ ቶሎ መታየት አለባቸው።

በቢላዋ የተጫረ ወይም ዕቃ ወድቆበት የተፈለቀለቀ ቦታ ሲያጋጥም፣ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ለፎርማይካ ተብሎ የተሠራ ባለቀለም መሙያ በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። ቀለሙን ለመምረጥ የካውንተሩን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስቶ መሄድ ይጠቅማል። ቦታውን ከቅባት አጽድተው በደንብ ያድርቁ፤ ከዚያ መሙያውን በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ስስ አድርገው ይጫኑት። መሙያው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ሲጠነክር ስለሚሟሽሽ፣ አንዴ ከመከመር ይልቅ እያደረቁ ደጋግመው ቢቀቡት ይሻላል። ቀለሙ ልክ አልገጠመም ብለው አይጨነቁ። ውሃ እንዳይገባ ከደፈነ ዋናውን ሥራ ሠርቷል።

የተላጠ ጠርዝ ከመሙያው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ ጠርዙ የተለጠፈው ሙቀት በሚያለሰልሰው ሙጫ ስለሆነ፣ ጨርቅ ደርበው መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ቢያሞቁትና እስኪቀዘቅዝ ተጭነው ቢይዙት ሊመለስ ይችላል። እምቢ ካለ ማስቲሽ ያስፈልጋል። ማስቲሽ በሁለቱም ገጽ ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ሲነኩት እጅ ላይ የማይቀር እስኪሆን ይጠበቃል፤ ከዚያ ይገጠማል። አንዴ ከተነካካ አይላቀቅምና ቀድመው ያስተካክሉት። ሽታው አደገኛ፣ ትነቱም ተቀጣጣይ ነው፤ መስኮት ይክፈቱ፣ ምድጃውን ያጥፉ፣ ልጆችን ያርቁ። ከሁሉ በፊት ግን ችፑዱ እርጥብ ከሆነ በማራገቢያ ለቀናት ያድርቁት። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ጠርዝ መልሶ ይላጣል፤ ውስጡም ይሻግታል።

የእርድና የበርበሬ እድፍ ቀላል ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሰው ጥቂት ያቆዩበትና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። በብረት መፈግፈጊያ የሚፈገፍግ ሰው ግን እድፉን ሳይሆን ሜላሚኑን ነው የሚያነሣው፤ ከዚያ በኋላ ቦታው እድፍ ይወዳል። ካውንተሩ እውነተኛ እብነ በረድ ከሆነ ደግሞ ሎሚና ኮምጣጤ አያስነኩት፤ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋል።

ቃጠሎ ከሁሉ የከፋ ነው። ቡና የሚቆላበት መጥበሻ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ፎርማይካ ያን አይችልም። ሜላሚን አንዴ ከጠነከረ ዳግም ቀልጦ የሚስተካከል ነገር ስላልሆነ፣ የከሰለውን ቦታ የሚመልስ ቅባት የለም። ይህን በሚለጠፍ ፕላስቲክ መሸፈን በእኔ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውሃ ከሥሩ ይይዛል፣ ሲገለጥም መደበቅ ይመስላል። ለጀበናውም ለመጥበሻውም ወፍራም የእንጨት ወይም የቡሽ ማስቀመጫ ይግዙ።

ትንሽ ጭረት ሲደፍኑም ቢሆን አስቀድመው ለባለንብረቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያለፈቃድ ጥገና የሚከለክሉ ውሎች አሉ። በመታጠቢያው ዙሪያ ያለው ሲልከን በእርጅና ከተሰነጠቀማ ባለንብረቱ ራሱ እንዲያስጠግነው ይጠይቁ። በአግባቡ ሲኖሩበት የሚመጣ እርጅና ከዲፖዚት የሚቆረጥ አይደለም፤ የመጥበሻ ቃጠሎ ግን ጉዳት ተብሎ ሊያስቆርጥ ይችላል። ሲገቡም ሲወጡም ካውንተሩን ቀኑ በሚታይ ፎቶ ያንሡ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ቤቱን ከለቀቁ በኋላ ባለንብረቱ በ45 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ ወይም የሚያስቀረው ካለ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ አዲሱን አድራሻዎን በጽሑፍ ሳይሰጡ እንዳይወጡ።