የቆመ ዛፍ ስንት ያወጣል?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ባሕር ዳር ነው እንበል፤ ከተማውን ሳይሆን የእውነት ባሕር ዳርቻ ማለቴ ነው። ደጃችሁ ላይ ለማገዶም ለቤት መሥሪያም የሚሆን ዛፍ አለ። ትቆርጡታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ?

ከሞምባሳ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ለሚገኙት የኬንያ መንደሮች ለጋዚና ለማኮንጌኒ ይሄ የየዕለት ጥያቄ ነው። ዛፉ ማንግሮቭ ይባላል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይበቅላል፤ ሥሩ ማዕበል ያደክማል፣ ደለል ይይዛል፣ ለትናንሽ ዓሦች መጠለያ ይሆናል። የባሕር ከፍታ እየጨመረ ባለበት በዚህ ዘመን ማንግሮቭ ማለት ማንም ያልከፈለበት አጥር ነው። ችግሩ፣ አጥሩ ጥሩ ማገዶም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለፋብሪካ ማገዶ ተብሎ ብዙው ተጨፍጭፏል።

በ2013 ሁለቱ መንደሮች «ሚኮኮ ፓሞጃ» የሚባል ፕሮጀክት ጀመሩ። በስዋሂሊ «ማንግሮቭ በአንድነት» እንደማለት ነው። 117 ሄክታር ደን ይጠብቃሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፤ ደኑ አምቆ የሚያስቀረው ካርቦን ተለክቶ ይሸጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢው በዓመት 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር።

ሒሳቡን ስሠራው ትንሽ ደነገጥኩ። በመንደሮቹ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው ስለሚኖር፣ ቢከፋፈሉት ለአንድ ሰው በዓመት ሦስት ዶላር እንኳ አይደርስም። እነሱም አልተከፋፈሉትም። ተሰብስበው ተወያዩና ለንጹሕ ውሃና ለትምህርት ቤት አዋሉት። ለማገዶና ለግንባታ ደግሞ እኛ ሸውሸዌ የምንለውን ዛፍ የብስ ላይ ተከሉ። ለእኔ ዋናው ብልሃት ይሄ ነው። «አትቁረጡ» ማለት ቀላል ነው፤ እራቱ በምን ይብሰል?

ስጋቱም አለ። ገዢው የሚከፍለው ለካርቦኑ ብቻ ነው፤ ዛፉ ከማዕበል ላዳነው ቤት ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። የካርቦን ዋጋ ሲወርድ ደግሞ የመንደሩ በጀትም አብሮ ይወርዳል።

እኛ ባሕር የለንም፤ ሒሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ ነዋሪው የተራቆተ ተራራ ከልሎ ደኑ እንዲያገግም አድርጓል፤ ካርቦንም ሸጧል።

እና በቀጣይ የችግኝ ተከላ ፎቶ ስታዩ፣ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማነው የሚጠብቀው? ጠባቂውስ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ያነዳል?