የአሮጌ ላንድሮቨር የፍሬን ቱቦ አለዋወጥ

«ሲሪስ» በሚል ስም የሚታወቁት ላንድሮቨሮች እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1985 በእንግሊዝ አገር የተሠሩ የመስክ መኪናዎች ናቸው። ዛሬም ጥቂት የማይባሉት ይነዳሉ። ሞተራቸው ሲደክም ይታደሳል፤ ጎማቸው ሲያልቅ ይለወጣል። ከሻንሲው ሥር የተደበቀው የፍሬን ቱቦ ግን አይታይምና ይረሳል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ቱቦው ለምን እንደሚለወጥና ሥራው በግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚከናወን ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። በፊዚክስ ትምህርት የምናውቀው የፓስካል ሕግ እዚህ በተግባር ይገኛል። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለን ፈሳሽ በአንድ በኩል ስንጫነው ግፊቱ ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ ይደርሳል። ለስሌት እንዲመቸን ሹፌሩ ፔዳሉን በ20 ኪሎ ኃይል ረገጠ እንበል። ፔዳሉ ኃይሉን 5 እጥፍ ካበዛው 100 ኪሎ ይሆናል። ይህ ኃይል 5 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ፒስተን ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 20 ኪሎ ግፊት ይፈጠራል። በቱቦው ተጉዞ በየጎማው ሸራውን ከታምቡሩ ጋር የሚያጣብቀው ይኸው ግፊት ነው።

ታዲያ ቱቦው በአንድ ቦታ ቢቀደድስ? በአንዳንድ የኋለኞቹ ሞዴሎች መስመሩ ለሁለት የተከፈለ ቢሆንም በቀድሞዎቹ አራቱም ጎማዎች በአንድ መስመር ነው የሚታዘዙት። ስለዚህ የኋላው ቱቦ ቢፈነዳ የፊቱም ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፤ በቃ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ የዚህ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የብረት ቱቦን የሚበላው ዝገት ነው። ዝገቱ በተለይ ጭቃ በሚይዙት ማሰሪያዎች ሥር ይበረታል። የቱቦው ገጽ ካበጠ ወይም ከተላጠ፣ መገጣጠሚያው ከረጠበ፣ የፍሬን ዘይት በየጊዜው ከጎደለ ወይም የጎማው ቱቦ ከተሰነጣጠቀ ጊዜው ደርሷል። የሚያፈሰውን ቱቦ ቀጥቅጦ መድፈን ወይም በሽቦ ማሰር ጥገና አይደለም። አንዱ ጎማ ያለ ፍሬን ሲቀር መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። አንዱ ቱቦ ከዛገ ደግሞ የቀሩትም እድሜያቸው ያው ነውና ሁሉንም መለወጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፦ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁመን ከመሬት በማይነሱት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ እናደርጋለን። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሳ በዲፈረንሻሉ ምክንያት መኪናው ሊንከባለል ይችላል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባትማ ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ እናስገባለን።

ሁለተኛ፦ ውፍረቱና የዳዶው ጥርስ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ አሮጌውን ቱቦ ይዘን ገበያ እንሄዳለን። ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የብረት ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ እንጂ ተራ የመዳብ ቱቦ አይሆንም። ተራው መዳብ ከንዝረት ብዛት ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፦ ዳዶዎቹን በዋዜማው ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት እናርሳለን። ስንፈታም የዳዶውን ጎኖች በደንብ አቅፎ የሚይዝ መፍቻ እንጠቀማለን።

አራተኛ፦ ርዝመቱን በሲባጎ ለክተን እንቆርጣለን። የቱቦው አፍ ከመስፋቱ በፊት ዳዶዎቹ መግባት አለባቸው፤ ኋላ አይገቡም እኮ! አፉ የሚሰፋው ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ሲሆን ቅርጹ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። መሣሪያው ከሌለን አሮጌውን ናሙና ሰጥተን ጋራዥ ማሠራት ነው። ቱቦውን ሳይታጠፍ በቀስታ አጉብጠን፣ ከማርሚታ አርቀን፣ በየማሰሪያው እናስረዋለን። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ቱቦውን እንዳይነካ ማየትም አይረሳ።

አምስተኛ፦ ለመኪናው የታዘዘውን የፍሬን ዘይት እንሞላለን። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም። እርጥበት ሲስብ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ስለሚችል ሲከፈት የቆየ ዘይት አይሞላም። የሞተር ዘይት ወይም ናፍታማ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ዓይንም ይጎዳል።

በመጨረሻም አየሩን እናስወጣለን። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው በጎማው በኩል ያለውን ማስወጫ ከፍቶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ነው ፔዳሉ የሚለቀቀው። መሪው በግራ ለሆነ መኪና ሥራው ከሩቁ ይጀምራል፦ ከኋላ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከኋላ ግራ፣ ከፊት ቀኝ፣ መጨረሻ ከፊት ግራ። በየመሐሉ ዘይት እንጨምራለን። ፔዳሉን በኃይል ረግጠን አንድ ደቂቃ ስንይዘው መስመጥ የለበትም፤ መገጣጠሚያዎቹም ደረቅ መሆን አለባቸው። ከዚያም በግቢ ውስጥ በዝግታ እንሞክራለን። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ሳያየው መንገድ አንወጣም።

ለማስተማሪያ መርጃ የሚሆን ነገርም አለ። መርፌያቸው የወለቀ ሁለት ሲሪንጆችን በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አገናኝተን ውሃ እንሙላ። አንዱን ስንገፋ ሌላው ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ጥቂት አየር ሲገባበት ደግሞ አየሩ ይጨመቅና እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ፍሬን «ላስቲክ ሆነ» የሚባለው በዚህ ምክንያት መሆኑን ተማሪው በእጁ ይዞ ይረዳዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ለአንድ አሮጌ ቱቦ የምናጠፋው የእረፍት ቀን በመኪናው የሚሳፈሩትን ሁሉ ሕይወት ያድናል።