የመጀመሪያውን የኪራይ ሕንፃ ለሚገዛ ሰው የቆሙ ባለሙያዎች

በዋሽንግተን ከተማ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድቶ ወይም በሌላ ሥራ ደክሞ ጥሪት ያጠራቀመ ወገናችን፣ የመጀመሪያውን የአፓርታማ ሕንፃ ሊገዛ በተነሣ ጊዜ፣ አስቀድሞ የሚያገኘው ደላላውን ነው፤ ደላላውም ምንም ቅን ቢሆን፣ ዋጋው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ስለ ሆነ፣ «ይህን ተወው» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ገዢው፣ ሽያጩ ቢጸናም ቢፈርስም የድካማቸውን ዋጋ የሚቀበሉ አማካሪዎች ያስፈልጉታል ብዬ አምናለሁ፤ እነዚህም የሕንፃ መርማሪው፣ ጠበቃውና የሒሳብ ዐዋቂው ናቸው።

መርማሪው ጣራ ላይ ይወጣል፣ ምድር ቤት ይወርዳል፣ የማሞቂያውን ቦይለር ዕድሜና የኤሌክትሪኩን መስመር ይመለከታል፤ ሕንፃው እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ እንደ ሆነም ቀለሙ እርሳስ እንዳለበት እንዲመረመር ያሳስባል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን፣ በረጅም ገመድ ጫፍ የታሰረች ትንሽ ካሜራ በፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ ተልካ እስከ መንገዱ ዋና መስመር ድረስ ስትጓዝ ማየት ነው፤ በአሮጌው የሸክላ ቧንቧ መጋጠሚያ የገባው የዛፍ ሥር እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ ሲታይ፣ ሻጩ ግድግዳውን በአዲስ ቀለም ማስዋቡ ምንም እንደማይረባ ገዢው በገዛ ዓይኑ ይረዳል።

ጠበቃው ደግሞ የጽሑፍ መርማሪ ነው። የኪራዩን መዝገብ ያዘጋጀው ሻጩ ራሱ ስለ ሆነ፣ ጠበቃው እያንዳንዱ ተከራይ የሚከፍለውን ኪራይ፣ ያስያዘውን ገንዘብና ባለቤቱ በቃል የገባለትን ተስፋ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ በዚያ ምስክርነት የተደበቀ የኪራይ ቅናሽ ወይም ያልተፈጸመ የጥገና ተስፋ ሊገለጥ ይችላል። እንዲሁም በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ለተከራዮች ሕንፃቸውን አስቀድሞ የመግዛት ዕድል ስለሚሰጥና ከዚያ ወዲህም ስለ ተሻሻለ፣ ሕጉ ለተፈለገው ሕንፃ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው እርሱ ነው።

የሒሳብ ዐዋቂው ሥራ አጭር ቢመስልም ፍርዱ ከባድ ነው፤ የሕንፃው ገቢ ብድሩን ይሸከም እንደ ሆነ የሚያሰላው እርሱ ነውና። አምስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ላለው ሕንፃ የሚያበድር ባንክ ከገዢው ደመወዝ ይልቅ የሕንፃውን ገቢ ይመዝናል፤ ብዙዎቹም ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው የዓመቱን የብድር ክፍያ ቢያንስ 1.25 እጥፍ እንዲሆን ይሻሉ። እንግዲህ በዓመት 100,000 ዶላር የሚተርፈው ሕንፃ ከ80,000 ዶላር የበለጠ ክፍያ አይሸከምም ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ምርመራ የሚፈቀደው ጊዜ በውሉ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ቀኑም ካለፈ በኋላ ገዢው ያስያዘውን ገንዘብ ማስመለስ ስለሚቸግረው፣ ጠበቃው መጠራት ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።