የምናለሽ ተራ ፍሳሽ የት ይጣራ?

የአዲስ አበባ ወንዞች ብክለት በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚወቀሱት ቆዳ ፋብሪካዎች ናቸው። ያለ ምክንያትም አይደለም። በተለመደው አሠራር ለማልፊያ ከሚጨመረው ክሮም ሲሶ ያህሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ከውሃው ጋር ይወጣል።

ለዚህኛው ግን መላው ከታወቀ ቆይቷል። ክሮሙን ለብቻው አዝቅጦ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ከቀረው ፍሳሽ አብዛኛውን ባክቴሪያ ይበላዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ስዩም ለታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ አየር የማይገባበትንና አየር የሚነፋበትን ገንዳ አከታትለው የባክቴሪያውን ሥራ በሙከራ ጣቢያ አሳይተዋል። ሕጉም አለ፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። እዚያ የጎደለው ገንዘብና ተቆጣጣሪ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

መርካቶ ሌላ ነገር ነው። በገበያው ውስጥ ባለው ምናለሽ ተራ በርሜል ይቀጠቀጣል፣ ጎማ ይቀደዳል፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረት ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ማንም ሳያቅድለት የከተማዋን ውድቅዳቂ መልሶ ሥራ ላይ የሚያውል ሰፈር ነው፤ ምስጋና ሲገባው የሚደርሰው ነቀፋ ነው። ይሁን እንጂ የበርሜል ትርፍራፊ፣ የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ አሲድ መሬት ላይ ከተደፋ ክረምቱ ጠርጎ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ትንሹ አቃቂ፣ ቀጥሎ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ። በመንገዱ ደግሞ በዚሁ ውሃ አትክልት ይለማል። ተመራማሪው ፍሰሃ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በከተማዋ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ብረታ ብረት እንደሚያከማቹ፣ ከመረመሯቸውም መካከል ጥቅል ጎመን ዝቅተኛውን መጠን እንደሚይዝ ጽፈዋል።

ይህን ችግር ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ አይፈታውም። የመንገድ ዳር ጎርፍ ወደዚያ ቢሄድ እንኳ የባትሪውን እርሳስ ባክቴሪያ አይበላውም፤ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም። እንደ ፋብሪካም አንድ ቱቦ የለም፣ በየደጁ ጠብ ጠብ የሚል ነው። ስለዚህ መያዝ ያለበት ቦይ ከመግባቱ በፊት ነው፦ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል፣ ዘይቱን ከውሃ የሚለይ ጉድጓድ፣ ለባትሪ የተለየ መረከቢያ። ተራውን ወደ ከተማ ዳር ማንሳት ቆሻሻውን ወደ ሌላ ወንዝ ማዛወር ነው።

እርስዎም ያረጀ የመኪና ባትሪ ካለዎት አሲዱን ሳይደፉ፣ እንዳለ ይሽጡት።