«ይቆራረጣል» ስለሚባለው የኮምፒዩተር ድምፅ

በመኖሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የድምፅ ችግር ሲደርስ አማርኛ ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መግለጫ አንድ ነው፤ ይኸውም «ድምፁ ይቆራረጣል» የሚለው ነው። አነጋገሩ ለዕለት ተግባቦት ይበቃል። የመሣሪያ መመሪያ ለሚተረጕም ሰው ግን አይበቃም። በዚህ ሙያ የብልሽቱ ምልክት ስም ወደ መፍትሔው የሚመራ ስለ ሆነ፣ ስሙ ከተሳተ ተጠቃሚው ጤነኛውን ዕቃ ጥሎ ሌላ ይገዛል።

በመጀመሪያ «ኢንተርሚተንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል እንመልከት። ቅጽሉ ለድምፁም ለብልሽቱም ይነገራል። አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያል። ድምፁ በየመካከሉ የሚጠፋ ከሆነ «የሚቆራረጥ ድምፅ» ነው። ድምፁ ቀኑን ሙሉ ደኅና ውሎ ማታ ለጥቂት ጊዜ የሚታወክ ከሆነ ደግሞ የሚመጣ የሚሄደው ብልሽቱ ነው። ለዚህ «ተመላላሽ ብልሽት» ይባል የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ ዳሩ ግን «ተመላላሽ» ሐኪም ቤት ሳይተኛ ለሚታከም በሽተኛ ተይዟል። ሕመምተኛ «ይነሣብኛል» እንደሚል፣ «አልፎ አልፎ የሚነሣ ብልሽት» ማለቱ፣ ረዘም ቢልም፣ የተሻለ ይመስለኛል።

ወደ ምልክቶቹ ስንመጣ የግሡ ርባታ ራሱ ይረዳናል። ከአንድ ሥር የወጡት «ተቋረጠ» እና «ተቆራረጠ» ፍቻቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ቆሞ የቀረውን ይገልጻል፤ «ስርጭቱ ተቋረጠ» እንደምንለው። በሁለተኛው ከመጨረሻው ተነባቢ በፊት ያለው ተነባቢ ተደግሞ ድርጊቱ ደጋግሞ መፈጸሙን ያሳያል። ከእነዚህ ውጭ «ተንጣጣ» አለ። እሳት ላይ የወደቀ ጨው ይንጣጣል፤ የድምፅ ማጉያም እንዲሁ። በመንጣጣት ጊዜ ድምፁ አልጠፋም፤ እንግዳ ድምፅ ተጨመረበት እንጂ። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለቱን «መቆራረጥ» ብሎ ማጠቃለል የለበትም።

ይሁን እንጂ ጆሮ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ምክንያቱን ለመረዳት የአሠራሩን ነገር ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያሰማው በናሙና ነው፤ በሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 44,100፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች 48,000 ናሙና ይነበባል። ፕሮሰሰሩ ናሙናዎቹን በቡድን እያደረገ በአንድ ስፍራ ያኖራል፤ የድምፅ ካርዱም ከዚያ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ይወስዳል። አንዱ ቡድን 480 ናሙና ቢሆን በ48,000 ስሌት የሚበቃው ለአንድ መቶኛ ሴኮንድ ነው። ፕሮሰሰሩን ሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ጉድለት ያለበት የዋይፋይ ድራይቨር፣ ከዚያ በላይ ከያዘው ካርዱ የሚወስደው ያጣል። ክፍተቱ አጭር ከሆነ የሚሰማው ጸጥታ ሳይሆን «ጠቅ» የሚል ድምፅ ነው፤ ሲደጋገም መንጣጣት ይመስላል። የላላ የማዳመጫ ጃክም ይንጣጣል። መለያው ሁኔታው ነው፤ ገመዱ ሲነካ የሚለወጥ ከሆነ ጥፋቱ የጃኩ ወይም የገመዱ ነው፤ ገመዱ ሳይነካ ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚነሣ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ጭነት መመርመር ይገባል። እንግዲህ ትርጕሙ የምልክቱን ስም ብቻ ሳይሆን «መቼ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ማስተላለፍ አለበት። «ገመዱ ሲንቀሳቀስ» የሚለው ሐረግ የተዘለለበት መመሪያ ከንቱ ነው።

ናሙናዎቹ የሚቆዩበት ስፍራ፣ በእንግሊዝኛ «በፈር» የሚባለው፣ ምን ይባል? «ቋት» ደስ የሚል ቃል ነበር፤ ግን «የመረጃ ቋት» በመባል ለሌላ ነገር ውሏል። «መጠባበቂያ»ም ለትርፍ ቅጂ እያገለገለ ነው። እኔ «ማቆያ»ን እመርጣለሁ። የሕፃናት ማቆያ ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ ይመልሳል እንጂ አያስቀረውም፤ «የድምፅ ማቆያ»ም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ማቆያው ሲሰፋ መቆራረጡ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ድምፁ ይዘገያል። ሙዚቃ ለሚያዳምጥ መዘግየቱ አይሰማም፤ የራሱን ድምፅ በማዳመጫ እየሰማ ለሚቀዳ ዘፋኝ ግን ትልቅ እክል ነው።

አንድ ምልክት ይቀራል። አንዳንድ የድምፅ ካርድ ኀይል ለመቆጠብ ጸጥታ ሲሆን ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ይተኛል። ሲነቃ «ጧ» ይላል፤ ወይም የመጀመሪያው ቃል ግማሹ ሳይሰማ ይቀራል። ይህ መቆራረጥ አይደለም፤ ማቆያውን ማስፋትም አያድነውም፤ መፍትሔው የኀይል ቁጠባውን ማጥፋት ነው። ቃሉን አጥርቶ የማይናገርን ሰው «ቃሉን ይውጣል» ስለምንል፣ «የመነሻ ድምፅ መዋጥ» ቢባል አንባቢ ወዲያው ይረዳዋል።

«ድራይቨር»ን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። «ነጂ» ቢባል መኪናን እንጂ ካርዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም አያሳስብም፤ ጠጋኙም ደንበኛውም በብድሩ ቃል ይግባባሉ።