የ35 ዶላሯ ኮምፒዩተር ሳሎን እስክትደርስ ስንት ታስወጣለች?

በአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤቶች ካሴት ያከራዩ በነበረበት ጊዜ ፊልም የማየት ወጪ ግልጽ ነበር። ማጫወቻው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ካሴቱ በቀን ይከፈልበታል። ቪሲዲ መጣ፤ ዲቪዲ ተከተለ። ዛሬ ፊልሙም፣ መዝሙሩም፣ የሠርግ ቪዲዮውም በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ሰብስቦ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ለማሳየት ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው ራስበሪ ፓይ የምትባለው፣ መታወቂያ ወረቀት የምታህል ኮምፒዩተር ናት። ስሟ በተነሳ ቁጥር ደግሞ «35 ዶላር» የሚለው ዋጋ አብሮ ይነሳል። ሒሳቡ ግን እዚያ ላይ አይቆምም።

በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ የተነደፈችው ይህች ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2012 ለገበያ ስትቀርብ ዓላማዋ ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩባት ነበር። ዋናው ፕሮሰሰሯ ደካማ ቢሆንም በዚያው ቺፕ ላይ ያለው የቪዲዮ ክፍል ጠንካራ ስለነበር ብዙዎች ገዝተው ቴሌቪዥን ላይ ሰኳት።

ዋጋዋን ዝቅ ለማድረግ የተሄደበት መንገድ ለኢኮኖሚ ተማሪ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ለዲቪዲ የሚያገለግለው ኤምፔግ 2 የተባለው የቪዲዮ አጨማመቅ የፈቃድ ክፍያ ነበረበት። አምራቾቹ ይህን ክፍያ በሁሉም ገዢ ላይ ከመጫን ይልቅ ከዋጋው አወጡትና ከ2012 አጋማሽ በኋላ ለሚፈልግ ብቻ በ2.40 ፓውንድ ለብቻው መሸጥ ጀመሩ። ፈቃዱ ከአንዲቷ ኮምፒዩተር መለያ ቁጥር ጋር የተቆራኘ ስለነበር ሁለት ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር። በጁን 2019 የወጣችው አራተኛዋ ሞዴል ፕሮሰሰሯ ፈጣን በመሆኑ ይህን ፈቃድ አትጠይቅም፤ አዳዲስ ፊልሞች የሚጨመቁበትን ኤች 265ንም በራሷ የቪዲዮ ክፍል ታጫውታለች። በ2023 የተከተለችው አምስተኛዋ በ60 ዶላር ብትጀምርም ለኤች 264 የነበረውን የቪዲዮ ክፍል ትታ ሥራውን ለዋናው ፕሮሰሰር ሰጥታለች። ለፊልም ብቻ ለሚፈልጋት ሰው በአምስተኛዋ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ እምብዛም የሚመልሰው ነገር የለም።

እንግዲህ አራተኛዋን ይዞ ማስላት ይቻላል። አንድ ጊጋ ሜሞሪ ያላት በ35 ዶላር ነበር የቀረበችው። የራሷ የኃይል ማከፋፈያ 8 ዶላር፣ ገመዱ 5፣ መያዣ ሳጥኑ 5 ሆኖ ነው የቀረበው። ካርዱ ወደ 10 ዶላር ቢገመት ድምሩ 63 ይሆናል። ከዋናው ዕቃ ዋጋ 80 በመቶ የሚሆነው በተጓዳኝ ዕቃዎቹ ላይ ተጨመረ ማለት ነው። (በኦክቶበር 2021 በቺፕ እጥረት ሳቢያ ሁለት ጊጋ ያላት ከ35 ወደ 45 ዶላር ማደጓን ይህ ሒሳብ አይጨምርም።)

ወደ ብር ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ማብቂያ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበርና 63 ዶላር 3,600 ብር ያህል ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሲሆን ያው ዕቃ 8,200 ብር አለፈ። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነኩም። ዕቃው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ቢገባ እንኳ፣ ቢበላሽ ዋስትና ጠይቆ የሚመልሰው የለም።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ታዲያ የቀረውን ወጪ ለመቀነስ ሲል ነው። የስልክ ቻርጀር ይበቃል ብሎ የ8 ዶላሩን ማከፋፈያ ይተዋል። አራተኛዋ ሞዴል 5 ቮልትና 3 አምፔር ትፈልጋለች፤ ሃርድ ዲስክ ከተጨመረባት ደግሞ እሱም ኃይሉን የሚወስደው ከእሷ ነው። ኃይሉ ሲያንስ ፊልሙ መሐል ላይ ይቆማል፣ ዲስኩ ይጠፋል፣ ኮምፒዩተሯ ጠፍታ ትነሳለች። ባለቤቱም ዕቃዋን ይረግማል እንጂ ቻርጀሩን አይጠረጥርም። ገመዱም እንዲሁ ነው፤ የአራተኛዋ መሰኪያ ትንሹ ኤችዲኤምአይ ስለሆነ ቤት ያለው የተለመደው ገመድ አይገባላትም።

አተካከሉ ራሱ ግን ቀላል ነው። ሊብረኤሌክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በሌላ ኮምፒዩተር ወርዶ በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ይገባል፤ ከሁለቱ የቪዲዮ መሰኪያዎች ለኃይል መሰኪያው የሚቀርበው ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል። ሲበራ የሚወጣው ኮዲ ነው። ይህ ማጫወቻ በመጀመሪያ የተሠራው ለማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ የጌም መሣሪያ ሲሆን ስሙን ያገኘው በ2014 ነው። ከሚመረጡት ቋንቋዎች መካከል አማርኛም አለ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሶፍትዌሩን ለማውረድና የፊልሞቹን ሥዕል ለመፈለግ ነው፤ በዲስክ ያለውን ለማየት አያስፈልግም።

ሪሞት መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በዚያው ገመድ በኩል ኮምፒዩተሯን ሊያዝ ይችላል። ችግሩ አምራቾቹ ለአንዱ ነገር የየራሳቸውን ስም ማውጣታቸው ነው፤ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ተዘግቶ ከሆነ ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ፈልጎ መክፈት ይገባል።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ካርዱም ሊታሰብበት ይገባል። ሊብረኤሌክ ዋናውን ሲስተም የሚያስቀምጠው በማይጻፍበት መልክ ስለሆነ ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማል። በዚያው ቅጽበት እየተጻፈ ያለው ግን ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፊልሞቹ በዲስክ እንጂ በካርዱ ላይ ባይቀመጡ፣ የካርዱም ቅጂ ሌላ ቦታ ቢኖር ይመረጣል። ዲስኩ በፋት 32 የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ፊልሙ አልገለበጥ ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ኮዲ በራሱ አንድም ፊልም አይዞ አይመጣም። «ሁሉም ፊልም ተጭኖበታል» ተብሎ የሚሸጥ ሣጥን ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2017 እንዲህ ያለውን፣ ፈቃድ ወደሌላቸው ፊልሞች የሚያገናኝ ማጫወቻ መሸጥ የቅጂ መብትን እንደሚነካ ወስኗል።

አዲስ ስማርት ቴሌቪዥን ያለው ቤት ፊልሙን በቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ መሰኪያ አይቶ ካልተቸገረ ገንዘቡን ኪሱ ቢያቆየው ይሻለዋል። ኤችዲኤምአይ የሌለው ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን ያለው ደግሞ ምልክቱን ወደ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ሊያስፈልገው ይችላል። ከሣጥኑ ጎን ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚል መቀያየሪያ ይኖራል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ከተንሸራተተ ወደ ፓል መግፋት ነው።